ካሊፐሩ 25.00 ይላል፣ ኩሽኔታው ግን ይላላል

ሰላም ለእናንተ ለዓምዱ አዘጋጆች። ዕድሜዬ 33 ነው፣ የምኖረው አዳማ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። ጓሮዬ ውስጥ በቆርቆሮ በሠራኋት ክፍል አንድ አሮጌ ቶርኖ አቁሜ የውሃ ፓምፕና የሞተር ዘንግ፣ የወፍጮ ዕቃ፣ አንዳንዴም ቡሽ (ዘንግ የሚዞርበት የብረት ቀለበት) እሠራለሁ። ሙያውን የተማርኩት ጋሼ ከምላቸው ባለሙያ ሥር ሆኜ ነው፤ ዛሬም የከበደኝን ሥራ ይዤ የምሄደው እሳቸው ዘንድ ነው።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ ያሠራውን የፓምፕ ዘንግ መልሶ አመጣብኝ። ቁጥሩ 6205 የሆነ ኩሽኔታ የሚገባበትን ቦታ በካሊፐሬ፣ በመንጋጋ በሚይዘው ተንሸራታች መለኪያዬ፣ ለክቼ ልክ 25.00 ሚሊሜትር አድርጌ ነበር ያስረከብኩት። ወር ሳይሞላው ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ መዞር ጀምሮ ዘንጉን በልቶታል። ሰውየው ብዙ አልተናገረኝም፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ባለቤቴ እቁብ ደርሷት «ለመለኪያ የሚሆንህን ከዚህ ውሰድ» ብላ 15,000 ብር መድባልኛለች። ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ይመጣል፤ 0.01 የሚያነብ ዲጂታል ካሊፐር ላምጣልህ ብሎኛል። መርካቶ ደግሞ ሚቱቶዮ የሚባለው የታወቀ የመለኪያ ማርካ የተጻፈበት አዲስ ዲጂታል ካሊፐር በርካሽ አይቻለሁ፤ በብሎን የሚዘጉ ረቂቅ መለኪያዎች፣ ያገለገሉ ማይክሮሜትሮችም አሉ። ጋሼን ባማክራቸው «እጅህን አሠልጥን እንጂ ዕቃ አትሰብስብ» አሉኝ። ብገዛ እሳቸውን የናቅሁ ይመስልብኛል፤ ባልገዛ ሌላ ዘንግ እንዳይመለስብኝ እሰጋለሁ። ከሁሉም በላይ የባለቤቴን ገንዘብ በማይረባ ዕቃ ላይ እንዳላጠፋው እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ሀ. ከአዳማ

*

ወንድሜ ሀ.፣ ሰላም ለአንተና ለቤተሰብህ። የሠራኸው ዘንግ ተመልሶ ሲመጣ የሚሰማው ኀፍረት ቀላል አይደለም፤ ጓሮው ውስጥ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ደግሞ ስሙ ከቶርኖው በላይ ሀብቱ ነው። ስለዚህ የትኛውን ልግዛ ወደሚለው ከመሄዳችን በፊት ያ ዘንግ ለምን እንደላላ እንይ፤ የምትገዛውን ዕቃ የሚነግርህም እሱ ነው።

የ6205 የውስጥ ቀለበት ቀዳዳ በስሙ 25 ሚሊሜትር ይባላል እንጂ ፋብሪካው የሚሠራው ከ24.990 እስከ 25.000 ባለው ውስጥ ነው። ከዘንጉ ጋር የሚዞረው የውስጥ ቀለበት ስለሆነ ዘንጉ ከቀዳዳው በጥቂቱ መብለጥ አለበት። ለዚህ መጠን የኩሽኔታ አምራቾች የሚመክሩት ከ25.002 እስከ 25.011 ያለውን ነው። እንግዲህ ያለህ ቦታ 9 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ብቻ ነው፤ አንድ መቶኛ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጥሩ የሚባል የ150 ሚሊሜትር ካሊፐር ደግሞ በራሱ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.02 ሊሳሳት እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይጽፋል። ስለዚህ የአንተ ካሊፐር 25.00 ሲል ዘንጉ በእውነት 24.98 ሊሆን ይችላል፤ መንጋጋው የተበላ ከሆነ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። 24.98 ላይ የገባ ኩሽኔታ በእጅ ይንሸራተታል። ሸክም ሲያርፍበት ትንሽ ትንሽ እየተንከባለለ ዘንጉን ይፈጨዋል፤ ቀይ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ዝገት አይተህ ከሆነ ከዚያ የመጣ ነው። ጥፋቱ የእጅህ ነው ብለህ ራስህን አትውቀስ። መለኪያህ ሊያየው የማይችለውን ነገር ነው የጠየቅኸው።

ለዚህ ነው የአጎትህ ልጅ ያሰበልህ ስጦታ ችግርህን የማይፈታው። ዲጂታሉ 0.01 እያለ ቁጥር ያሳያል፣ ነገር ግን መስኮቱ ላይ ሁለት አኃዝ ስለጨመረ መንጋጋው አልተሻሻለም። ካሊፐር ላይ ቁጥሩ ያለው በረጅሙ አካሉ ላይ ነው፤ የምትለካው ዕቃ ያለው ደግሞ ከዚያ ራቅ ብሎ በመንጋጋው መሀል ወይም ጫፍ ላይ ነው። ጠበቅ ስታደርገው ተንሸራታቹ በጥቂቱ ይዘነብላል፣ ያ መዘንበል ጫፉ ላይ ሲደርስ መቶኛዎች ይሆናል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርንስት አበ እ.ኤ.አ. በ1890 ያስቀመጠው መርህ ይኸው ነው፤ የሚለካው ነገርና መለኪያው በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ካልሆኑ ስህተቱ ይጎላል። ማይክሮሜትር ላይ ግን ብሎኑ፣ ዕቃውና ማረፊያው ሁሉም አንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው። ደህና ማይክሮሜትር እስከ 50 ሚሊሜትር ባለው መጠን ስህተቱ ከ4 ማይክሮን እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ከካሊፐርህ አምስት እጥፍ ይሻላል ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ማይክሮሜትር ግዛ ነው። ካሊፐርህን ለርዝመት፣ ለሻካራ ቆረጣና 0.05 ለሚበቃው ሥራ ሁሉ ይዘኸው ቆይ፤ ቀኑን ሙሉ የምታነሳው እሱን ነው፣ መተካትም አያስፈልገውም።

ግን የትኛውን ማይክሮሜትር? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሁሉም «የመጀመሪያው 0–25 ነው» ይልሃል፤ ከ0 እስከ 25 ሚሊሜትር የሚለካው ማለት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በቅርብ ወራት የሠራሃቸውን ዘንጎች አስታውስና ኩሽኔታው የሚገባበትን መጠን ወረቀት ላይ ጻፋቸው። 25 እና 30 ይበዛሉ? ወይስ 17 እና 20? 6205 እና 6206 የምትሠራ ከሆነ የሚያስፈልግህ ከ25.00 በላይ ያለውን ማንበብ ነው፣ 0–25 ማይክሮሜትር ደግሞ ልክ እዚያ ላይ ያልቃል። ጥቂት አልፎ የሚሄድ ቢኖርም በዚያ ላይ ሥራ መመሥረት አይገባም። ለአንተ የመጀመሪያው 25–50 ነው ብዬ አምናለሁ። ወረቀቱ ሌላ ነገር ካሳየህ፣ ማለትም ሥራህ በአብዛኛው 6203 እና 6204 ከሆነ፣ ያኔ 0–25ን አስቀድም።

25–50 የሚጠቅምህ በሌላም ምክንያት ነው። ከሳጥኑ ጋር አንድ 25 ሚሊሜትር የሆነች የማስተካከያ ዘንግ ይመጣል፤ ዜሮውን የምታረጋግጠው በእሷ ነው። የአንተ 25.006 ዘንግ ያለው ከዚያች ዜሮ አጠገብ ስለሆነ የብሎኑ ጥርስ ስህተት የሚከማችበት ርቀት የለም። በዋጋው መካከለኛ የሆነ ማይክሮሜትር እንኳ እዚህ ቦታ ላይ ከውዱ ጋር ይቀራረባል። ስሙ የገነነውን ለመግዛት ብለህ መጨነቅ የለብህም።

ለአጎትህ ልጅ የምትልከው መልእክት እንዲህ ይሁን፦ «ዲጂታል ካሊፐሩን ተወውና 25–50 ሚሊሜትር የውጭ ማይክሮሜትር አምጣልኝ። ሜትሪክ ይሁን፤ በኢንች የተጻፈ እንዳይሆን። አንዱ መስመር 0.01 የሆነ፣ በእጅ የሚነበብ፣ ባትሪ የሌለው። ጫፉ ላይ ራቼት (ልክ ሲይዝ ቲክ እያለ የሚዞር ማዞሪያ) ያለው፣ መቆለፊያ ያለው፣ የሚለኩት ሁለቱ ፊቶች ካርባይድ የሆኑ። በሳጥኑ ውስጥ የ25 ሚሊሜትር ማስተካከያ ዘንጉና ትንሿ ቁልፍ መኖራቸውን ከፍተህ እይ።» ከመካከለኞቹ ማርካዎች ኢንሳይዝ የሚባለውን ቢያገኝ ይበቃሃል፤ አቅሙ ከፈቀደ እውነተኛ ሚቱቶዮ ከታወቀ ወኪል ቢገዛ ደስ ይለኛል። ዕቃውን በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ልብስ መሀል ይጠቅልለው፤ ብረት ነው፣ ፍተሻ ላይ ሊያስቆመው ይችላል። ዋጋውንም አስቀድሞ ይንገርህ፤ ዘመድ ነውና ስጦታ ይሁን ብድር ሳይለይ ቆይቶ ኋላ ቅሬታ እንዳይሆን።

መርካቶ ያየኸው ርካሽ ሚቱቶዮ እውነተኛ ነው ብዬ ላረጋግጥልህ አልችልም፤ ዲጂታል ካሊፐሮቹ በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው ዕቃዎች አንዱ ናቸው። ዋጋው ከእውነተኛው በጣም ከወረደ ጽሑፉን እንኳ ማየት አያስፈልግህም። ያገለገለ ማይክሮሜትር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በደንብ የተያዘ አሮጌ ማይክሮሜትር ከአዲስ ርካሽ ይሻላል፤ ገንዘብ ከተረፈህ ሁለተኛ የምትገዛውን 0–25 ከዚያ ብትፈልገው አይከፋም። ብቻ ከመክፈልህ በፊት መርምረው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሻጩ ፊት በርሜሉን ከዳር እስከ ዳር አዙረው፤ አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ፣ ሌላ ቦታ ላይ የሚላላ ከሆነ ብሎኑ መሀሉ ተበልቷል፣ ተወው። ብሎኑን ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፋው፤ መወዛወዝ ከተሰማህ አትግዛ። ሁለቱን ፊቶች በንጹሕ ወረቀት ጠርግ፦ ወረቀቱን በመሀላቸው ቀስ አድርገህ ይዘህ ሳብ አድርገህ አውጣው። ከዚያ ራቼቱን ሦስት ጊዜ ቲክ እስኪል አዙረህ ዜሮውን እይ፤ ክፈተውና ደግመህ ዝጋው። አምስት ጊዜ ያው መስመር ላይ ካረፈ ጥሩ ነው። ዜሮው በአንድ መስመር ቢስት አያስፈራም፣ በትንሿ ቁልፍ የማይዞረውን በርሜል አዙረህ ታስተካክለዋለህ። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን በምንም አይስተካከልም።

ዜሮ ላይ ትክክል ሆኖ ሌላ ቦታ ላይ የሚዋሽ ማይክሮሜትርም አለ። እሱን ለማወቅ ውድ የልኬት ብሎክ መግዛት አያስፈልግህም፤ በየሱቁ የሚሸጥ አዲስ ኩሽኔታ ይበቃሃል። የታወቀ አምራች ኩሽኔታ የውጭ ቀለበቱ ዙሪያ በማይክሮን የተቆጠረ ነው። 608 ኩሽኔታ የውጭ ልኩ 22 ሚሊሜትር ነው፣ ከ21.991 እስከ 22.000 ውስጥ ይሆናል፤ ይህ ለ0–25 ይሆንሃል። ለ25–50 ደግሞ 6200ን ውሰድ፣ ውጩ 30 ነው፣ ከ29.991 እስከ 30.000። 6203 ውጩ 40 ነው፣ ከ39.989 እስከ 40.000። 6204 ውጩ 47 ነው፣ እሱም ወደ ታች 11 ማይክሮን ብቻ ይፈቀድለታል። ቀለበቱን ሁለት ሦስት ቦታ እያዞርክ ለካው። ንባቡ ከነዚህ ልኮች አንድ መስመር ያህል ካለፈ ማይክሮሜትሩ ወይም ዜሮው ችግር አለበት። ኩሽኔታውን ከሱቅ ስትወስድ ፕላስቲኩ ያልተከፈተ ይሁን፤ የተጠራጠርከውን ማርካ አትጠቀም፣ አስመሳይ ኩሽኔታም ገበያው ላይ አለና። አንድ ነገር ልጨምር፦ ስፋቱን ለምርመራ አትጠቀምበት። የኩሽኔታ ስፋት እስከ 0.12 ሚሊሜትር እንዲያንስ የተፈቀደ ስለሆነ ያሳስትሃል።

ዕቃው ከመጣልህ በኋላ እንዴት እንደምትለካ ደግሞ ከዕቃው እኩል ይወስናል። ቶርኖውን አቁም፤ በሚዞር ዘንግ ላይ መለኪያ አታሳርፍ። ጫፉን የሚያዞረው ራቼት ይሁን፣ በጣትህ በርሜሉን አትጨብጠው። የሜትሪክ ማይክሮሜትር ብሎን በአንድ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር ስለሚሄድ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፦ ታች ያለችውን የግማሽ መስመር ሳያይ 25.51ን 25.01 ብሎ ያነባል። ለዚህ በካሊፐር መጀመሪያ ለካ፤ ካሊፐሩ ግማሽ ሚሊሜትር አይሳሳትም።

ሙቀቱን አትርሳ። የአዳማ ሙቀት ራሱ አያሳስብህ፤ ዘንጉም፣ ማይክሮሜትሩም፣ ኩሽኔታውም ብረት ስለሆኑ አንድ ቤት ውስጥ ካደሩ አብረው ይሰፋሉ። ጣጣው ያለው ገና ከቆረጣ የወጣው ዘንግ ላይ ነው። 25 ሚሊሜትር ዘንግ ከክፍሉ በ35 ዲግሪ ከሞቀ በ0.01 ሰፍቷል፤ ትኩሱን ለክተህ 25.006 ካልከው ሲቀዘቅዝ 24.996 ይሆናል። ስለዚህ 0.05 ያህል አስተርፈህ ቁም፤ ዘንጉ እጅህ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ እስኪሰማህ ጠብቅ፣ ለካው፣ ከዚያ የመጨረሻውን በስል ቢላ በቀስታ ውሰድ። ዒላማህ ማይክሮሜትሩ ላይ ከ25.00 መስመር በኋላ ግማሽ ክፍል ነው፤ ዓይን ያለችግር ይለየዋል። ሻካራ ቆረጣ ላይ የለካኸው ልክ ደግሞ አይታመንም፤ የለካኸው የጥርሶቹን ጫፍ ነው፣ ኩሽኔታው ሲገባ ጫፎቹ ይደፈጠጡና ልኩ ይወርዳል። በጥቂት ማይክሮን ከበለጠብህ በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ትችላለህ፤ ወረቀቱን ግን ጣትህ ላይ ጠምጥመህ አትያዝ፣ ረጅም እጅጌም አይኑርህ።

የኩሽኔታውን ቤት፣ ማለትም የውጭ ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ፣ መለካት ስለሚያስፈልግ 50–75ም ልግዛ ብለህ እንዳታስብ። ለጊዜው አዲሱ ኩሽኔታ ራሱ ልክህ ነው፤ በቀጭን ዘይት ተቀብቶ በእጅ ተገፍቶ ሳይወላገድ ከገባ ይበቃል። ከማይክሮሜትሩ ቀጥሎ ገንዘብ ሲገኝ ዲያል ኢንዲኬተር ከማግኔት እግሩ ጋር ግዛ፤ ዘንግህ ልኩ ትክክል ሆኖ ወልጋዳ ቢዞር የሚነግርህ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። እጅህን አሠልጥን ማለታቸው እውነት ነው። በድሮ ኮምፓስ (ቁጥር በሌለው ባለ ሁለት እግር መለኪያ) እና በጣት ስሜት ኩሽኔታ ሲያገቡ የኖሩ ሰዎች የሚያደርጉት ማወዳደር ነው፦ ዘንጉን ከደህና ዘንግ ወይም ከራሱ ከኩሽኔታው ጋር ያስተያያሉ። ቁጥሩን ባያውቁትም ልዩነቱን ያውቁታል። ማይክሮሜትርም ያንኑ ስሜት ይፈልጋል፤ አጥብቆ የሚይዘው ሰው እጅ ላይ እሱም ይዋሻል። ምናልባት የሚያስከፋቸው ዕቃው ሳይሆን «ከእንግዲህ አላስፈልግህም» የተባሉ መስሎ መሰማቱ ይሆን? አንተ ታውቃቸዋለህ። ዕቃው ሲመጣ የመጀመሪያውን ዘንግ ይዘህ እሳቸው ዘንድ ሂድ፤ መጀመሪያ በእጃቸው ይፈትሹት፣ ጠበቅ ነው ላላ ይበሉ፣ ከዚያ አብራችሁ ለኩት። የእሳቸው «ጠበቅ» ስንት ማይክሮን እንደሆነ የምታውቀው እንደዚያ ነው፤ ይህን ሌላ ሰው ሊያስተምርህ አይችልም።

ባለቤትህ ገንዘቡን ሳትለምናት ሰጥታሃለች፤ ታምንብሃለች ማለት ነው። ያን እምነት የምታከብረው ደግሞ ሁሉንም ባለማውጣት ነው። ብዙውን ለ25–50 መድበው፣ ለምርመራ የሚሆኑ ሁለት ኩሽኔታዎችና አንድ ጠርሙስ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ግዛ፣ የቀረውን መልሰህ ስጣት። 0–25ን ከሚቀጥሉት ሥራዎች ገቢ ግዛ። የተበላሸው ዘንግ ስንት እንዳስወጣህ፣ ቁሳቁስና የባከነ ቀን ደምረህ ብትነግራት፣ ለምን ይህን ዕቃ እንደፈለግህ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ማይክሮሜትሩን ስታስቀምጥ ሁለቱን ፊቶች አታጋጥማቸው፣ በጥቂቱ ክፍት ይሁኑ፤ ዘይት ቀባ አድርገህ ከቶርኖው ራስ ላይ ሳይሆን ከሳጥኑ ውስጥ አኑረው። ለጎረቤትም አታውሰው፤ ብሎን መጨበጫ ያደርጉታል።

የቀረው ደንበኛህ ነው። ዘንጉን አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በሹል ብረት ነጥብ ነጥብ እየመቱ ማወፈር አይሞከር፤ ኩሽኔታው የነጥቦቹን ጫፍ ብቻ ይዞ ጥቂት ሳምንት ይሠራና እንደገና ይላላል። በብየዳ ሞልቶ ማዞርም ቀጭን ዘንግን ያጣምመዋል። ሰውየው ጋ ደውለህ ዘንጉን ያለ ዋጋ ከአዲስ ብረት እንደምትሠራለት፣ ለመለኪያው ብለህም አንድ ወር እንደምትጠብቅ በግልጽ ንገረው። መጠበቅ ካልቻለ የኩሽኔታውን ቦታ ብቻ ማይክሮሜትር ያለው ቶርኖ ቤት ወስደህ አስለካና ጨርስለት፤ ስታስረክብም የለካኸውን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ ከዘንጉ ጋር ስጠው።